አንድ ክረምት በበረዶ ተራራ ላይ፤ የስኪ ፊልም አጀማመርና አሠራር

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንገልጸው በበረዶ ተራራ ላይ በስኪ እየተንሸራተቱ አንድ ክረምት ሙሉ መቆየትና ያንኑ በፊልም ማንሣት እንዴት እንደሚሠራ ነው። ርእሱ ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር የለውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጠጋ ብለን ስንመረምረው፣ የአንድ የፊልም ዐይነት መልክ የሚወሰነው ሠሪዎቹ ባላቸው ነገር ብቻ ሳይሆን በጐደላቸውም ነገር መሆኑን እንረዳበታለን። ለማስረጃ የምንወስደው በአሜሪካ አገር፣ በአይዳሆ ግዛት፣ ሁለት ወጣቶች ከ1946 እስከ 1947 ያሳለፉትን ክረምት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሦስት ቃላትን እንለይ። «በረዶ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ከዝናብ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ውሃ ረግቶ የሚሆነውንም፣ በብርድ አገር እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደውንም ይጠቀልላል፤ እዚህ የምንናገረው ስለ ሦስተኛው ነው። «ክረምት» ስንልም የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ሳይሆን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን የሰሜን አገሮች የብርድ ወራት ማለታችን ነው። «ስኪ» ደግሞ ጫፋቸው ወደ ላይ የቀና፣ ከጫማ ጋር የሚታሰሩ ሁለት ረጃጅም ሳንቃዎች ናቸው። አካሄዱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከተራራ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ሁለተኛው በሜዳና በኮረብታ ላይ ረጅም መንገድ መጓዝ ነው። በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረው የአዲስ አበባው ተወላጅ ሮቤል ተክለ ማርያም የሮጠው በሁለተኛው ነው፤ በ2010ም በቫንኩቨር እንደገና ተወዳድሯል። የእኛ ጽሑፍ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ነው።

፩. ፊልም እንደ አስተማሪ

የስኪ ፊልም የተጀመረው በአሜሪካ አይደለም። ጀርመናዊው አርኖልድ ፋንክ በ1920 «የስኪ ተአምር» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል ፊልም ሠርቶ ነበር። ከእርሱ ጋር የሠራው ሐንስ ሽናይደር በኦስትሪያ በአርልበርግ ተራሮች የታወቀ የስኪ መምህር ነበር። በ1925 ሁለቱ አንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በመጽሐፉም ከፊልም ላይ የተወሰዱ ተከታታይ ሥዕሎችን አስገቡ። ተማሪው ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዛወር በሥዕሎቹ ተራ በተራ ማየት ቻለ። በፍጥነት የሚያልፈውን እንቅስቃሴ ዐይን ለይቶ ሊይዘው አይችልም፤ ፊልም ግን ከፋፍሎ ያሳየዋል። ሽናይደር በ1938 በናዚዎች ታስሮ፣ በ1939 ወደ አሜሪካ ሄደና እዚያ ማስተማሩን ቀጠለ።

፪. በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ

ሰን ቫሊ የተባለውን የስኪ ስፍራ ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የምድር ባቡር ኩባንያ፣ በሊቀ መንበሩ በአቨረል ሀሪማን ሐሳብ፣ በ1936 ከፍቶታል። በመጀመሪያ ጊዜ በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ሰው ወደ ተራራ የወጣው በዚሁ ቦታ ነው። መሣሪያውን ያሰበው መሐንዲስ ጄምስ ከረን የሙዝ ዘለላ ወደ መርከብ ከሚጫንበት ማንሻ ሐሳቡን እንደ ወሰደ ይነገራል። ስፍራው የተሠራው ገንዘብ ላላቸው እንግዶች ነበር።

በ1946 ከባሕር ኃይል የተሰናበተው ዋረን ሚለርና ጓደኛው ዋርድ ቤከር ወደዚህ ቦታ የመጡት ግን በሆቴል ሊያድሩ አልነበረም። በመኪና የሚጐተት፣ ርዝመቱ 8 ጫማ ያህል የሆነ፣ ቅርጹ የእንባ ጠብታ የመሰለ ተሳቢ ይዘው መጡና በመኪና ማቆሚያው ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ሚለር በኋላ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ የቲማቲም ካቻፕ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ሾርባ ያደርጉ ነበር፤ ያደኑትንም ጥንቸል ይበሉ ነበር። ሌሊቱን በብርድ፣ ቀኑን በተራራው ላይ ያሳልፉ ነበር።

ሚለር አንድ 8 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ ነበረው። ሁለቱ ተራ በተራ የሚነሣሡት አካሄዳቸውን አይተው ለማረም ነበር። ፋንክና ሽናይደር በመጽሐፍ ያደረጉትን እነዚህ ለራሳቸው አደረጉት ማለት ነው።

፫. በበረዶ ላይ ማንሣት ለምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ችግር ብርሃን ነው። አዲስ የወረደ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 እስከ 90 የሚሆነውን መልሶ ይልካል። የብርሃን መለኪያ ግን የተሠራው በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደ ሆነ ተቈጥሮ ነው። ስለዚህ በረዶ ሲያይ ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ይፈርዳል፤ አንሺውም ቃሉን አምኖ የካሜራውን የብርሃን መግቢያ ቢያጠብ ነጩ በረዶ አመድ መስሎ፣ የሰውየውም ፊት ጠቍሮ ይወጣል። መፍትሔው መለኪያው ከሚለው እጥፍ ወይም አራት እጥፍ ብርሃን ማስገባት ነው። ሰማይ በደመና ሲሸፈን ደግሞ ጥላ ስለሚጠፋ ጕብታውና ጐድጓዳው አይለይም፤ ገደሉ ሜዳ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ለፊልም የሚመረጠው ፀሐይ ከጎን የምትመጣበት የጧትና የማታ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። የዚያ ዘመን ትንሽ ካሜራ እንደ ሰዓት በእጅ በሚሞላ ሞላ ይሠራ ነበር። ቅባቱ በብርድ ሲረጋ ሞላው ፊልሙን በዝግታ ይጐትታል፤ በሴኮንድ የሚነሡት ሥዕሎችም ያንሳሉ። ፊልሙ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ሰዎቹ ከተፈጥሮ ውጪ ይቸኵላሉ። ፊልሙም ራሱ ደርቆ ይሰበራል። ማታ ካሜራው ወደ ሙቅ ቤት ሲገባ እርጥበት በመስተዋቱ ላይ ስለሚያርፍ፣ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ መተው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የፊልሙ ማነስ ነው። በ8 ሚሊሜትር ካሜራ አንዱ ጥቅልል በሁለቱም ጎን ተነሥቶበት 50 ጫማ ይሆናል፤ በሴኮንድ 16 ሥዕል ሲነሣ የሚቈየው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው እያንዳንዷን ሴኮንድ ይቈጥራል።

ከሁሉ የሚበልጠው አራተኛው ነው። አዲስ በረዶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነካው። ተንሸራታቹ ካለፈ በኋላ ዱካው ይቀራል፤ «ድገመው» ቢባል ያው ቦታ ያው አይደለም። ስለዚህ አንሺው ቀድሞ ወርዶ ቦታውን ይይዛል፤ ብርሃኑን ይለካል፤ ሞላውን ይሞላል፤ ከዚያ በእጁ ምልክት ይሰጣል። በላይ ያለው ሲወርድ ሁለቱም ዕድላቸው አንድ ብቻ መሆኗን ያውቃሉ። በዚህ ላይ አንሺው በዚያች ሰዓት አይንሸራተትም፤ ለወዳጁ ሲል ያን ንጹሕ በረዶ ይተዋል። ተራ በተራ መነሣሣት የመተማመን ሥራ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

፬. ካሜራው ድምፅ ስላልነበረው

ካሜራው ድምፅ አይቀርጽም ነበር። ሚለር ፊልሙን ለሰዎች ሲያሳይ ከማያው አጠገብ ቆሞ ራሱ ይናገር ጀመር። የመውደቁን፣ የብርዱን፣ የሾርባውን ነገር በቀልድ ሲያወራ ሰዎች ሳቁ። ለመማሪያ የተነሣው ፊልም በዚህ አኳኋን የሕዝብ መዝናኛ ሆነ። በ1950 በካሊፎርኒያ ተራሮች፣ በዚያን ጊዜ ስኳው ቫሊ፣ ከ2021 ጀምሮ ግን ፓሊሴድስ ታሆ በሚባለው ስፍራ የስኪ መምህር ሳለ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ ፊልሙን አቀረበ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ አዲስ ፊልም እየሠራ፣ ክረምት ሳይገባ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ አዳራሽ እየተከራየ፣ በቃሉ እየተረከ ያሳይ ነበር። ልማዱ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቀጠለ። ሚለር በ2018 በ93 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ የዚህን የፊልም ዐይነት ጠባዮች አንድ በአንድ ብንመለከት፣ እያንዳንዱ ከአንድ ጕድለት ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። ሥዕሎቹ አጫጭር የሆኑት ሞላውና ፊልሙ ቶሎ ስለሚያልቁ ነው። ተራኪው በአካል የቆመው ካሜራው ዲዳ ስለ ነበረ ነው። ቀልዱ የመጣው በሀብታሞች ስፍራ በድህነት ከመኖር ነው። ታሪኩ በአንድ ተዋናይ ላይ ያልተመሠረተውም አንዱ ሲያነሣ ሌላው ስለሚነሣ ነው።

ዛሬ በራስ ቍር ላይ የሚታሰር ካሜራ አለ፤ በአየር ላይ የሚበር ካሜራም አለ፤ ፊልም መቈጠብም ቀርቷል። ይሁን እንጂ በረዶው አሁንም ብርሃን መለኪያን ያታልላል፤ ብርዱም የካሜራውን ባትሪ ቶሎ ያደክማል፤ ዱካውም አይመለስም። ከዚህ ሌላ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። በምድር ሰሜናዊ ክፍል በፀደይ ወራት የሚታየው የበረዶ ሽፋን ቢያንስ ከ1978 ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱን የአየር ጠባይ መርማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ለመማርና ለመሳቅ የተነሡት የድሮ ፊልሞች፣ አንሺዎቹ ሳያስቡት፣ ተራራው በዚያ ዓመት ምን ለብሶ እንደ ነበረ የሚመሰክሩ ሰነዶች ሆነዋል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለስኪ ብቻ የሚሆን አይደለም። የማይደገም ነገር ለመቅረጽ የሚነሣ ተማሪ ሁሉ፣ በዓልም ይሁን የሽማግሌ ቃል፣ መሣሪያው እስኪሟላለት ቢጠብቅ ነገሩ ያልፈዋል። በእጁ ያለውን መሣሪያ ጠባይ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያ ትንሽ መሣሪያ ይበቃዋል።