የሒሳብ መምህራን በኢንተርኔት የሚደጋገፉበት መድረክ

በአንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ትምህርቱ ለተማሪዎች አልገባ ባለ ጊዜ የሚያማክረው የሙያ ባልደረባ አያገኝም። ርዕሰ መምህሩ የሌላ ትምህርት ባለሙያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሱፐርቫይዘሩም ዘወትር በቅርብ አይገኙም። በዩናይትድ ስቴትስ ይህን ክፍተት ለመሙላት በርካታ የሒሳብ መምህራን በራሳቸው ተነሳሽነት በኢንተርኔት ተሰባስበዋል።

ስብስቡ ሊቀመንበርም ሆነ የአባልነት ክፍያ አልነበረውም። አብዛኛው ውይይት ይካሄድ የነበረው ትዊተር በተሰኘው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሳታፊዎቹ በሴንት ሉዊስ ከተማ በአካል ተገናኝተዋል። ይኸው ስብሰባ እስከ 2018 ድረስ በየዓመቱ በተለያዩ ከተሞች ተካሂዷል።

በመድረኩ ከተሰራጩት ሐሳቦች አንዱ የቀድሞው የካሊፎርኒያ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ዳን ሜየር ያስተዋወቁት አቀራረብ ነው። ተማሪዎች በመጀመሪያ አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ሲሞላ የሚያሳይ ፊልም ይመለከቱና መቼ እንደሚሞላ ይገምታሉ። ቀጥሎ ለስሌቱ የሚያስፈልጋቸውን ልኬት ራሳቸው ይጠይቃሉ። አስልተው ሲጨርሱ ቀሪው ፊልም ታይቶ ግምታቸውና ስሌታቸው ይፈተሻል።

መምህርት ቲና ካርዶን በበኩላቸው ከበርካታ መምህራን የተሰባሰቡ ሐሳቦችን እ.ኤ.አ. በ2013 በመጽሐፍ አደራጅተው በነጻ አሰራጭተዋል። መጽሐፉ ተማሪዎች ምክንያቱን ሳያውቁ የሚሸመድዷቸውን አቋራጭ መንገዶች ይተቻል። ክፍልፋይን ለማካፈል «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ሕግ በአገራችንም ያልሸመደደ ተማሪ ጥቂት ነው። 3 ለግማሽ ሲካፈል 6 የሚሆነው ለምን እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን አልተነገረንም። በ3 እንጀራ ውስጥ ስንት ግማሽ እንጀራ እንዳለ የተጠየቀ ሕፃን ምንም ሳይገለብጥ ይመልሳል።

ይሁንና የመድረኩ ዋነኛ ጥቅም ተዘጋጅተው የሚገኙት ጥያቄዎች አይደሉም። መምህሩ «የዛሬው ትምህርቴ አልተሳካም» ብሎ ተማሪዎቹ የፈጸሙትን ስሕተት ሲያቀርብ፣ ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው መምህራን ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭና እነርሱ ምን እንዳደረጉ ያስረዱታል። ይህንኑ ለቅርብ ኃላፊ መናገር የሥራ አፈጻጸም ውጤትን የሚነካ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ይታፈናል። የአፈጻጸም ቅጽ የሚሞላ ኃላፊ በሌለበት መድረክ ግን ድክመትን መግለጽ ቀላል ነው።

ድክመቶችም አሉት። የሚቀርበው ሐሳብ ሁሉ በባለሙያ የተመረመረ አይደለም፤ ለአዲስ ገቢም ነባሮቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ዝግ ክበብ ሊመስለው ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን መድረኩ የተመሠረተው በአንድ የግል ኩባንያ ንብረት ላይ መሆኑ ነው። ትዊተር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ወደ ባለሀብቱ ኢሎን መስክ ከተላለፈ በኋላ በርካታ መምህራን ወደ ማስቶዶንና ብሉስካይ ሲያመሩ፣ ሌሎች እዚያው ቀርተዋል፤ ጥቂት የማይባሉትም ከውይይቱ ወጥተዋል። በዚህም ምክንያት ቀድሞ በአንድ ስፍራ ለሁሉም ይቀርብ የነበረ ጥያቄ ዛሬ በየመድረኩ ተበታትኖ ይቀርባል።