የመታጠቢያ ቤት የመስተዋት በር ግዥና ሽያጭ በወረታና በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው የወረታ ከተማ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚዘልቀውም መንገድ የሚገነጠልበት በመሆኑ፣ የመንገደኛና የነጋዴ ማረፊያ ነው። በዙሪያው የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ቀድሞ በከብቱ ስመ ጥር ነበረ፤ ባለፉት አርባ ዓመታት ደግሞ የሩዝ አገር ሆኗል። ከሩዝ እርሻ፣ ከሩዝ መፈልፈያና ከመንገደኛ አልጋ የተገኘው ገንዘብም ወደ ቤት ሥራ ዞሯል። ቀድሞ ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ ቀጥሎም ሴራሚክ ይገዛ የነበረው ደንበኛ ዛሬ ወደ ሱቅ መጥቶ፣ መታጠቢያ ቤቱን እያደሰ መሆኑንና የላስቲኩን መጋረጃ አውልቆ ለሻወሩ የመስተዋት በር ለማድረግ እንደሚፈልግ ይናገራል።

ዕቃው ለአካባቢው አዲስ ስለ ሆነ ገዥውም ሻጩም የሚያዩት ማማሩን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ በር ሰው ራቁቱን፣ በእርጥብ ወለል ላይ፣ ከክንድ ባነሰ ርቀት የሚቆምበት ዕቃ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ማሳያ ክፍል ያማረው ሁሉ ለፎገራ ቤት ይስማማል ማለት አይደለም፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የመስተዋቱን ዐይነት መለየት ያስፈልጋል። ለመስኮት የሚሆነው ተራ መስተዋት በተሰበረ ጊዜ እንደ ጎራዴ ረጃጅምና ስለታም ስባሪ ሆኖ ይወድቃል፤ ጅማትና የደም ሥር ይቈርጣል። ለሻወር የሚገባው በነጋዴው ቋንቋ ቴምፐርድ የሚባለው የተጠናከረ መስተዋት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ መስተዋቱ በልኩ ከተቈረጠና ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ምድጃ ይግላል፤ ወዲያውም በኀይለኛ ነፋስ ሁለቱ ፊቶቹ በድንገት እንዲቀዘቅዙ ይደረጋል። ፊቱ ቀድሞ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ዘግይቶ እየቀዘቀዘ ሲኰማተር ፊቱን ወደ ውስጥ ስለሚስበው፣ የመስተዋቱ ገጽ ዘወትር እንደ ተጨመቀ ይኖራል። በዚህም ምክንያት ከተራው አራት እጥፍ ያህል ይበረታል፤ ቢሰበርም ደቃቅ ጠጠር ሆኖ ይረግፋል። የአውሮፓው ደንብ ለበር በሚሆነው ውፍረት፣ በ5 በ5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ40 ያላነሰ ስባሪ እንዲቈጠር ያዝዛል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ደንብ የሻወር በር የሚሠራው ከደኅንነት መስተዋት እንዲሆን ተደንግጓል።

ነገር ግን ተራውና የተጠናከረው መስተዋት ጎን ለጎን ቢቆሙ ዐይን በቀላሉ አይለያቸውም። ስለዚህ ምልክቱን መፈለግ ይገባል። የተጠናከረ መስተዋት ብዙውን ጊዜ በአንዱ ማዕዘኑ ላይ በጥፍር ቢፍቁት የማይለቅ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ ማኅተም አለበት። ከአውሮፓ ለመጣው የኢ.ኤን. 12150 ቍጥር፣ ከቻይና ለመጣው የጂ.ቢ. 15763.2 ቍጥር ይታይበታል። ተለጥፎ የሚነሣ ወረቀት ማስረጃ አይደለም። ማኅተሙ ለሚያጠራጥረው ነጋዴ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ፖላራይዝድ የተባለውን የፀሐይ መነጽር አድርጎ፣ ጥዋት ወይም ማታ የሰማይ ብርሃን በመስተዋቱ ላይ አግድም ሲያርፍ ቢመለከት፣ በተጠናከረው መስተዋት ውስጥ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ወይም እንደ ጥለት መስመር ያለ ጥላ ይታየዋል። ይህም ነፋሱ በምድጃው አፍ ያረፈበት ቦታ ነው። በተራው መስተዋት ላይ አይታይም።

በጸሐፊነት የምሠራበት ንግድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አቅራቢ 12 በር ገዝቶ ነበር። ዕቃው ቴምፐርድ መሆኑ በቃል ተነግሮናል። አንዱን ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ሲያወርድ ጠርዙ ድንጋይ ነክቶት ተሰበረ፤ ስባሪው ግን ክንድ የሚያህል ረጅምና ሹል ነበረ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። አሠሪዬ አቤቱታ ባቀረቡ ጊዜ አቅራቢው ደረሰኙን አውጥቶ አሳያቸው፤ በላዩም «የመስተዋት በር፣ 8 ሚሊ ሜትር፣ ብዛት 12» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈም። የቀሩት 11 መስተዋቶች ለሱቅ መደርደሪያ ተቈርጠው በኪሳራ ተሸጡ፤ መቈረጣቸውም ራሱ የተጠናከሩ አለመሆናቸውን አረጋገጠ። የተጠናከረ መስተዋት አንድ ጊዜ ከምድጃ ከወጣ በኋላ አይቈረጥም፣ አይበሳም፤ ይህን የሞከረ ሰው እጁ ላይ ይረግፍበታል። ከዚያ ወዲህ በፕሮፎርማችን ላይ የመስተዋቱ ዐይነት፣ የደንቡ ቍጥርና «ማኅተሙ በእያንዳንዱ መስተዋት ላይ የሚታይ» የሚል ቃል ሳይጻፍ ገንዘብ አይከፈልም።

ስለ ውፍረቱም ጥቂት መናገር ይገባል። በገበያ ያለው 6፣ 8 እና 10 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ካሬ ሜትር መስተዋት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ስለዚህ 70 ሳንቲ ሜትር ወርድና 190 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው በር በ6 ሚሊ ሜትር 20 ኪሎ፣ በ8 ሚሊ ሜትር 27 ኪሎ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ደግሞ 33 ኪሎ ያህል ይሆናል። ገዥው ወፍራሙን የጠንካራነት ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ማጠፊያውና ግድግዳው ነው። በወረታ እንደ ሌላው ከተማ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ክፍት ከሆነ ብሎኬት የተሠራ ስለ ሆነ ፊሸሩ የሚይዘው የሲሚንቶ ልጥፍ ብቻ ይሆናል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ይላወሳል፣ ከዓመት በኋላም ያዘነብላል። ሴራሚኩ ሳይለጠፍ ማጠፊያው የሚያርፍበትን ብሎኬት በኮንክሪት መሙላት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ደንበኛው ግን ይህን የሚሰማው ከነጋዴው ካልሆነ ከማን ይሰማዋል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የፎገራ ሜዳ ምድር ጥቁር ዋልካ ነው፤ መረሬም ይሉታል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪከፍት ድረስ ይኰማተራል። በላዩ የቆመ ቤትም አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። አስተዋይ ባለቤት ጥቁሩን አፈር አስቈፍሮ ያስወጣና በምትኩ ሰሌክት ሞልቶ ይሠራል፤ አብዛኛው ቤት ግን፣ ይልቁንም በዕድሳት ላይ ያለው አሮጌ ቤት፣ እንዲህ ሆኖ አልተመሠረተም። የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው በውሃ የሚዋጥበት ዓመትም አለ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ አይረሳም።

ይህ ሁሉ የመስተዋት በርን በምን ይነካዋል ቢሉ፣ እንዲህ ነው። ክፈፍ የሌለው፣ በሁለት ማጠፊያ ብቻ ከግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው በር በጠርዙ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው ጥቂት ቢያዘነብል የመስተዋቱ ማዕዘን ሴራሚኩን ወይም ብረቱን ይነካል። የተጠናከረ መስተዋት ፊቱ በመዶሻ ቢመታ ሊችል ይችላል፤ ደካማው ስፍራው ጠርዙና ማዕዘኑ ነው። እዚያ ላይ በጠንካራ ነገር ከተነካ መላው ገጽ በአንድ ጊዜ ይረግፋል። በወረታ አንድ የአልጋ ቤት ባለቤት በግንቦት ወር አፈሩ በደረቀበት ጊዜ ልክ አስወስደው 6 በሮች አዘዙ፤ በሮቹ በነሐሴ ሲተከሉ አራቱ አልዘጋ አሉ። ገጣሚው ተወቀሰ፣ ሻጩም ተወቀሰ፤ የተንቀሳቀሰው ግን ቤቱ ነበረ።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት በሜዳው ላይ ላለ ቤት የሚመረጠው፣ አዲስ አበባ ላይ አሮጌ ፋሽን ቢባልም፣ በግድግዳው ቁመት ሙሉ የሚሄድ የአሉሚኒየም ክፈፍ ያለው በር ነው። ይህ ክፈፍ ክብደቱን በብዙ ብሎኖች ላይ ያከፋፍላል፤ ከዚህም በላይ ግድግዳው ከቱንቢ ቢወጣ አንድ ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ መልሶ ለማስተካከል ይፈቅዳል። ቦታው ሰፊ ከሆነ ሁለቱ መስተዋቶች እርስ በርስ የሚደራረቡበት ተንሸራታች በር ከዚህም ይሻላል። ሀዲዱ በውሃ ልክ መቀመጡን እንጂ የግድግዳውን ቀጥ ማለት ያን ያህል አይጠይቅምና። በደብረ ታቦር በኩል ባለው ከፍተኛ ቦታ፣ በድንጋይ ላይ ለተመሠረተ ቤት ግን ክፈፍ የሌለው ቢገዛ የምንቃወምበት ምክንያት የለንም። በሩ የሚከፈት ከሆነ ወደ ውጭ እንዲከፈት ይሁን፤ ውስጥ ሰው አዳልጦት ቢወድቅ በሩን ገፍቶ መግባት አይቻልምና።

ልክ የሚወሰደው ሴራሚኩ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ነው፤ ወርዱም ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ሦስት ጊዜ ይለካል። ብዙ ደንበኛ ዕቃው ቶሎ እንዲደርስለት ከብሎኬቱ ላይ ለክቶ ይልካል። ይህን ትእዛዝ የሚቀበል ባለሱቅ ተመልሶ የሚመጣ በር እንዳዘዘ ይወቅ።

አጓጓዙን በሚመለከት፣ ከውጭ የሚገባው ዕቃ በጂቡቲ በኩል መጥቶ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የዐባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ይጓዛል። መስተዋት ተኝቶ አይጫንም፤ በጠርዙ ቆሞ፣ ጥቂት ዘንበል ብሎ፣ ከሥሩ እንጨት ወይም ጎማ ተደርጎለት፣ በየመካከሉም ወረቀት ገብቶ ይታሰራል። መንገድ ተዘግቶ መኪና በየቦታው ሲቆም ደግሞ ሌላ ጥፋት ይመጣል። በክረምት በሁለት መስተዋቶች መካከል የገባ ውሃ ለሳምንታት ከቆየ ገጹን በልቶ፣ ሳሙናም ሆነ ሆምጣጤ የማያስለቅቀው ነጭ ደመና ይተዋል። ሳጥኑ እንደ ደረሰ ይከፈት፣ ይድረቅ፣ በመጋዘንም ከወለል ከፍ ብሎ ይቁም። ስባሪ ቢገኝ በመረከቢያው ወረቀት ላይ ሳይጻፍ ፊርማ አይደረግ፤ ከፊርማ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ በባለመኪናውም ሆነ በኢንሹራንሱ ዘንድ ክብደት የለውም።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የዋጋው ነገርም ያስገድዳል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ቀድሞ አንድ በር ቢሰበር የአሥሩ ትርፍ ይሸፍነው ነበር፤ አሁን ያ ሒሳብ አይሠራም። በዚህም ምክንያት አንዳንድ አስመጪ ማጠፊያውን ከነሐስ ወይም 304 ከተባለው የማይዝግ ብረት ወደ ርካሹ የዚንክ ቅይጥ እየለወጠ ነው። ሁለቱም ሲያብረቀርቁ አንድ ይመስላሉ፤ በእጅ ሲመዘኑ ግን ነሐሱ ይከብዳል። ቅይጡ በእርጥበት ውስጥ ልባሱ ይላጣል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ዋጋ መቀነስ ግድ ከሆነ በ10 ፈንታ 6 ሚሊ ሜትር መስተዋት በጥሩ ክፈፍ መሸጥ ይሻላል እንጂ ከማጠፊያው ላይ መቀነስ አይገባም።

ሻጩ ለደንበኛው አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የተጠናከረ መስተዋት አልፎ አልፎ ማንም ሳይነካው በራሱ ሊረግፍ ይችላል። ምክንያቱም ሲቀልጥ የገባች ኒኬል ሰልፋይድ የተባለች ቅንጣት ከጊዜ በኋላ ስለምታብጥ ነው። ይህን ለመቀነስ ፋብሪካው መስተዋቱን ዳግመኛ በምድጃ አሙቆ ይፈትነዋል፤ ተጨማሪ ዋጋም ያስከፍላል። ለሆቴል የሚሆን ትልቅ ትእዛዝ ያለው አስመጪ ይህ ፈተና መደረጉን በውሉ ቢያስገባ መልካም ነው።

በመጨረሻም ስለ ጎማው። ከበሩ ሥርና ጠርዝ የሚገባው ጎማ ከሁሉ ቀድሞ ያረጃል፤ ይጠነክራል፣ ይጠቍራል፣ ውሃም ያሳልፋል። ለብቻው ፍለጋ ሲወጣ በወረታም በባሕር ዳርም እንደ ልብ ስለማይገኝ ደንበኛው በሩን ራሱን ይጠላል። 10 በር የሚያዝዝ ነጋዴ 20 ጥንድ ጎማ አብሮ ያዝዝ፤ ልኩንም ከመስተዋቱ ውፍረት ጋር ያስተያይ፤ ለ6 ሚሊ ሜትር የተሠራው ጎማ ለ8 አይገባም።