ኮሌራን ያጠናሁት ጀልባ ላይ ነው

ሲያትል የምንኖር ሐበሾች ባሕሩን የምናውቀው ባብዛኛው ከድልድይ ላይ ነው፤ ወደ ሥራ ስንጣደፍ፣ በመኪና መስኮት። እኔን ውኃው ላይ ያወጡኝ ጋሼ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ ጋሼ ብቻ ይሁኑ። በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው፣ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ የነበረው ባሕር ኃይል። ዛሬ ጡረታ ወጥተው ሺልሾል ወደብ ላይ አንዲት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ አሏቸው፤ ርዝመቷ 8 ሜትር ገደማ ነው።

እኔ ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ቀን ደግሞ በኦንላይን የሕዝብ ጤና ማስተርስ እማራለሁ። ኦንላይን የተማረ ያውቀዋል፦ አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ቀጣዩ ተሰልፏል፤ ከሥሩ ጥያቄ፣ ከጥያቄው ቀጥሎ ውይይት። የሰሙትን የሚያብላሉበት ጊዜ የለም። ክፍል ገብቶ የሚማር ሰው ቢያንስ በእግሩ ወደ ቤት የሚመለስበት መንገድ አለው። እኔ ግን ከወንበሬ ሳልነሣ ትምህርቱ አልቆ ድስቱ ይጠራኛል።

ያንን ጊዜ ያገኘሁት ጀልባ ላይ ነው። ጀልባ ላይ ጸጥታ አለ ሲባል ድምፅ የሌለ ይመስላል፤ ግን አለ። ገመዱ ምሰሶውን ይደበድባል፣ ሸራው ይርገበገባል፣ ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት የሚሻገረው መኪና ጫኝ ፌሪ ከሩቅ ያጓራል። ኔትወርኩም ቢሆን ሞልቷል፤ እኛ ባለንበት ከተማው ከዓይን አይጠፋም። ውቅያኖስ መሐል ለሚኖሩትም ዘመኑ ተለውጧል። የስታርሊንክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች የሚዞሩት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ የቀድሞዎቹ ግን ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ቅርበቱ ምልልሱን ስላፈጠነው መምህርን ከባሕር ሆኖ ቀጥታ መከታተል፣ እጅ አውጥቶ መጠየቅም ይቻላል። ባሕር ላይ ሆኖ መማር ግን አዲስ አይደለም። ሆላንዳዊቷ ላውራ ዴከር ብቻዋን በጀልባ ዓለምን ልዞር ስትል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ትምህርቷ ነው። በ14 ዓመቷ፣ በኦገስት 2010፣ በርቀት ትምህርት ተመዝግባ ወጣች፤ በጃንዋሪ 2012 ዙሩን ጨረሰች።

እኔ እረፍት በሆንኩ ቀን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የምወጣው። ትምህርቱን ወደ ወደቡ ስነዳ እሰማዋለሁ። ከዚያ የሚያሳርፈኝ እጄ መያዙ ነው፦ አንዱ መሪው ላይ፣ አንዱ የሸራው ገመድ ላይ። ስልክ የሚነካካ ሦስተኛ እጅ የለኝም። ሐሳቤ ግን ነፃ ስለሆነ የሰማሁትን ያነሣል፣ ይጥላል። ውኃው በበጋም ከ15 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ የሕይወት ጃኬት ሳይታሰር ጋሼ ገመድ አይፈቱም።

ካስተማሩኝ ሁሉ የምወደው ጀልባዋን ባሕር መሐል ማሳረፍን ነው። መልህቅ አይጣልም። የፊቱ ሸራ ነፋሱ በተቃራኒው ጎን እንዲመታው ሆኖ ይታሰራል፤ የመሪው እጀታ ደግሞ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ተገፍቶ ይታሰራል። ሸራው አፍንጫዋን ከነፋሱ ሊያርቅ ይገፋል፣ መሪው ወደ ነፋሱ ሊመልሳት ይታገላል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ጀልባዋ ቀስ እያለች ወደ ጎን ትንሸራተታለች እንጂ አትጓዝም። መርከበኞች በማዕበል ጊዜ ለማረፍና ለማብሰል ይጠቀሙበታል፤ እኛ ለሻይ። የኮንቴይነር መርከቦች ከሚያልፉበት መስመር ወጥተን ፖርት ማዲሰን የሚባለው ሰላጤ ውስጥ ስንደርስ እናደርገዋለን። ያኔ እጄ ይፈታል፣ ደብተሬን አወጣለሁ።

የ1854ቱ የለንደን ኮሌራ በደንብ የገባኝ እዚያ ነው። ዶክተር ጆን ስኖው በሽታው ከብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ መምጣቱን አሳይቶ የፓምፑ እጀታ እንደተነቀለ ሁሉም ያወራል። እኔን የያዘኝ ትምህርቱ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈው ነው። እዚያው መንገድ ላይ የነበረ ቢራ ፋብሪካ 70 የሚያህሉ ሠራተኞች ነበሩት፤ አንዳቸውም በኮሌራ ክፉኛ አልታመሙም። ቢራ ይታደላቸው ነበር፣ የራሳቸው ጉድጓድም ነበራቸው። ስኖው የታመሙትን ቆጥሮ አላበቃም፤ ስላልታመሙትም ሄዶ ጠይቋል። እኛ ሥራ ቦታ ኢንፍሉዌንዛ ሲገባ ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ታመሙት ብቻ ነው። ያልያዛቸውስ? የት ይበላሉ? ከማን ጋር ይቀመጣሉ? የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ የወጣው ከዚህ ነው።

ይህንኑ ለጋሼ ሳስረዳ ሻይ እየቀዱ፣ «አንቺ ልጅ፣ እንግዲህ ቢራ መድኃኒት ነው እያልሽኝ ነው?» አሉ።

ፈተና ግን ጀልባ ላይ አይሞከርም። የመቆጣጠሪያው ካሜራ ፊት ከስክሪኑ ዞር ባለ ቁጥር ምልክት ያደርጋል፤ ጀልባ ላይ ደግሞ የማይወዛወዝ ጭንቅላት የለም። በፈተና ቀን እኔ መኝታ ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ጋሼ ብቻቸውን ይወጣሉ። ደብተር የማይጫንበት ጉዞ ይሻላል ባይ ናቸው።