በአጥንት ዱቄት ተለውሶ የገባው ዲኤንኤ

ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንደኛው ካልሲየም ክሎራይድ የተጨመረበት ዲኤንኤ አለ፤ በሌላኛው ፎስፌት ያለበት ጨዋማ ውሃ። ሁለቱም እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው። ተመራማሪዋ የመጀመሪያውን በፒፔት ቀድታ በሁለተኛው ላይ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች፤ በሌላ እጇ ደግሞ አየር እየነፋች አረፋ ታስወጣለች። 20 ደቂቃ ያህል ስታቆየው ፈሳሹ ስስ ጉም የለበሰ ይመስላል። ካልሲየምና ፎስፌት ተገናኝተው ደቃቅ ዝቃጭ ሠሩ፤ ዲኤንኤውም አብሮ ተለወሰ። አጥንታችንና ጥርሳችን የጠነከሩት በዚሁ በካልሲየም ፎስፌት ነው።

ዝቃጩ ሴሎቹ በሚያድጉበት ሳህን ላይ ይፈስሳል። በማይክሮስኮፕ ለሚያይ ሰው፣ ሴሎቹ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባቸው ነው የሚመስሉት።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር በፎስፌት የተሰለፈ ስለሆነ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። የሴሉም ገጽ ኔጋቲቭ ነው፤ ሁለቱ ይገፋፋሉ። በዚያ ላይ የሴሉ ሽፋን ቅባት ነው፣ ዲኤንኤ ደግሞ ውሃ ወዳድ። ባዶውን ቢመጣ ደጅ ጠንቶ ይመለሳል። በዝቃጭ ተለውሶ ሲያርፍበት ግን ሴሉ ሽፋኑን ወደ ውስጥ አጥፎ ይውጠዋል። ስለዚህ እንግዳው በር ሰብሮ አይገባም፤ ተጎርሶ ነው የሚገባው።

ዘዴውን በ1973 ያሳተሙት በኔዘርላንድስ፣ በላይደን ይሠሩ የነበሩት ፍራንክ ግራሃምና አሌክስ ቫን ደር ኤብ ናቸው። የሚያጠኑት አዴኖቫይረስን ነበር። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ግን አመለኛ ነው። የፎስፌቱ ውሃ ፒኤች 7.05 አካባቢ መሆን አለበት። ትንሽ ፈቀቅ ካለ ወይ ዝቃጭ አይገኝም፣ ወይ ሴሎቹ የማይውጡት ጓል ይሆናል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች በፒኤች በጥቂት መቶኛ የሚለያዩ በርካታ ጠርሙሶች አዘጋጅተው፣ የሠመረላቸውን አንዱን እንደ ጥሩ እርሾ ይሳሱለታል። ይህን ከሳይንስ ይልቅ ለጓዳ ሙያ የቀረበ ነገር የሚል ቢኖር አልከራከረውም።

ከዚህ አመል ለመገላገል ሌሎች መንገዶች መጡ። በ1987 በካሊፎርኒያ፣ በሲንቴክስ የመድኃኒት ኩባንያ፣ ፊሊፕ ፌልግነርና ባልደረቦቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሰው ሠራሽ ቅባት አቀረቡ፤ ቅባቱ ዲኤንኤውን አቅፎ ከሴሉ ገጽ ጋር ይጣበቃል። በ1995 ደግሞ የስትራስቡርግ ተመራማሪዎች ፖሊኢቲሊንኢሚን የሚባል ፖሊመር ለዚሁ ሥራ አዋሉ። ሁሉም ግን ዋጋ ያስከፍላሉ፦ እንዲጣበቁ ያደረጋቸው ያው ፖዘቲቭ ቻርጅ፣ መጠኑ ከበዛ ሴሉን ይገድለዋል።

መጎረስ ደግሞ መድረስ አይደለም። የተዋጠው ነገር ያለው በከረጢት ውስጥ ነው፤ ከረጢቱ እየቆየ አሲድ ይሆናል፣ አብዛኛው ዲኤንኤም እዚያው ተፈጭቶ ይቀራል። ያመለጠውን ሌላ ግንብ ይጠብቀዋል፣ ኒውክለሱ። ይህ ግንብ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ለጥቂት ጊዜ ይፈርሳልና ዲኤንኤው ሾልኮ የሚገባበት ዋናው አጋጣሚ ያኔ ነው። የማይከፋፈሉት የነርቭ ሴሎች ተመራማሪዎችን የሚያስቸግሩትም በዚህ የተነሳ ነው። የኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባቶች በቅባት ተጠቅልለው ቢገቡም ይህኛው ጣጣ የለባቸውም፤ ኤምአርኤንኤ ሥራውን የሚሠራው ከኒውክለስ ውጭ ነው።

በማግስቱ ሳህኑ በሰማያዊ ብርሃን ይታያል። የገባው ዲኤንኤ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚያሠራ ከሆነ፣ እዚህም እዚያም ሴሎች እንደ ፋኖስ በርተዋል፤ በመካከላቸው የተኮማተሩ ሙታን አሉ። ከቀናት በኋላ ግን ብርሃኑ ይፈዝዛል። ዲኤንኤው ከክሮሞዞም ጋር ስላልተጋጠመ ሴሎቹ በተከፋፈሉ ቁጥር እየተመናመነ ይሄዳል።

አልፎ አልፎ ግን ይጋጠማል። ግራሃም ሙከራዎቹን በተራ ቁጥር የመመዝገብ ልማድ ነበረው። በአንዱ፣ የተቆራረጠ የአዴኖቫይረስ ዲኤንኤ በዚያው በካልሲየም ፎስፌት ለውሶ ለሰው ፅንስ የኩላሊት ሴሎች ሰጣቸው። 4,300 ያህል ፊደላት ያሉት ቁራጭ ከክሮሞዞም 19 ጋር ተጋጠመ፤ ሴሉም መከፋፈሉን ሳያቆም ቀጠለ። በ1977 ይፋ የሆነው ይህ የሴል ዘር ስሙን ያገኘው ከሙከራው ቁጥር ነው፦ 293። ዛሬ በየቤተ ሙከራው ተመራማሪዎች አዲስ ዲኤንኤ ሊያጎርሱ ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሳህን የእነዚህኑ ሴሎች ነው።