ያለ ሽቦ የሚላላኩ የዝናብና የወንዝ መለኪያዎች መንገዳቸውን ስለሚፈልጉበት ደንብ

የጉማራ ወንዝ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ ተነሥቶ፤ በወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ አልፎ፤ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። ለፎገራ ገበሬ ለም አፈር የሚያመጣለት ይኸው ወንዝ ልኩን ባለፈ ጊዜ ሰብሉንና ከብቱን ይወስድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ በደጋው የዘነመው የዝናብ ወሬ ከውሃው ቀድሞ ወደ ሜዳው ቢደርስ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው።

ዝናብንና የወንዝን ከፍታ እየለኩ በራዲዮ የሚያስታውቁ፤ በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ መሣሪያዎች አሉ። ነገር ግን የአንዱ መሣሪያ ኃይል ሩቅ አይደርስም፤ ተራራም ይጋርደዋል። ስለዚህ ባላገር ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየተጣራ ወሬ እንደሚያቀባበል ሁሉ፤ አንዱ መሣሪያ ለጎረቤቱ እያቀበለ እስከ መሰብሰቢያው ጣቢያ ያደርሰዋል።

አስቸጋሪው ነገር መንገዱን መወሰን ነው። መንገዱ አስቀድሞ በሰው ተቈርጦ ቢሰጥ፤ ከመካከል አንዱን መሣሪያ መብረቅ ቢመታው ወይም ባትሪው ቢያልቅ፤ ከእርሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ይህም የሚያጋጥመው ዝናቡ በበረታበትና ወሬው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሊቃውንት መሣሪያዎቹ መንገዳቸውን ራሳቸው የሚፈልጉበትን ደንብ አወጡ። ዋና ዋናዎቹም እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ፐርኪንስና ባግዋት በ1994 ባወጡት፤ ዲ.ኤስ.ዲ.ቪ. በተባለው ደንብ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ወደ ሌሎቹ የሚወስደውን መንገድ በመዝገብ ይዞ ዘወትር ለጎረቤቶቹ ያስታውቃል። መንገዱ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ነው፤ ነገር ግን ወሬ በሌለበት ቀንም ባትሪ ይጨርሳል።

2ኛ፤ ፐርኪንስና ሮየር በ1999 ባወጡት፤ ኤ.ኦ.ዲ.ቪ. በተባለው ደንብ፤ መንገድ የሚፈለገው የሚላክ ወሬ ሲኖር ብቻ ነው። ላኪው ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፤ እነርሱም ጥያቄውን ከማን እንደ ተቀበሉ እያስታወሱ ለሌሎች ያስተላልፋሉ፤ መልሱም በዚያው ፈለግ ይመለሳል። ይህ ባትሪ ይቈጥባል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ወሬ ይዘገያል።

3ኛ፤ በ2012 የጸደቀው አር.ፒ.ኤል. የተባለው ደንብ ኃይላቸው ጥቂት ለሆነ መሣሪያዎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከጣቢያው ያለውን ርቀት የሚያሳይ ደረጃ ይይዛል፤ ወሬውንም ከእርሱ ይልቅ ለጣቢያው ለቀረበው ጎረቤት ይሰጣል፤ ይኸውም የጉና ምንጮች ቍልቍል ወርደው ወደ ጉማራ እንደሚገቡ ያለ ነው። ነገሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ስለ መንገድ እምብዛም አይነጋገሩም፤ ለውጥ በሆነ ጊዜ ግን ይፋጠናሉ።

ይሁን እንጂ ደንቡ የሌለ መንገድ ሊፈጥር አይችልም። ስለዚህ መሣሪያ የሚያስተክል ሹም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ቢያንስ ሁለት ጎረቤት እንዲኖረው ያድርግ። ለጣቢያው የቀረቡት የሁሉን ወሬ ስለሚሸከሙ ባትሪያቸው አስቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ በዚያ ስፍራ ቍጥራቸውን ያብዛ። በግንቦትም፤ ክረምት ሳይገባ፤ አንዱን መሣሪያ አስጠፍቶ ወሬው በሌላ መንገድ መድረሱን ይመርምር። ከጣቢያው እስከ ገበሬው ቤት ያለውን መንገድ ግን መሣሪያ አይፈልገውም፤ በሌሊት ሄዶ ሕዝቡን የሚቀሰቅስ ሰው አስቀድሞ በስም ሊመደብ ይገባል።