ዋንጫ በትንሽ ወጪ

የዓለም ዋንጫን ያሸነፈ ቡድን ዋናውን ዋንጫ አገሩ እንደማያስቀር ታውቃላችሁ? 36.8 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 6 ኪሎ ግራም ከ175 ግራም ክብደት ያለው የወርቅ ዋንጫ ወደ ፊፋ ይመለሳል። ለአሸናፊው የሚቀረው በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ቅጂ ነው። ስለዚህ ቅጂ መሥራት አያሳፍርም።

ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የአፍሪካ ዋንጫ ከብር የተሠራ ነበር።

በደብረ ማርቆስ በትምህርት ቤት ክፍሎች መካከል ለሚደረግ ውድድር ግን ቅል፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሽቦና የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይበቃል። ቅሉን አንገቱ ላይ ቁረጡና የሽቦ ጆሮ አብጁለት። ከጉማጁ ጋር በምስማር ስትመቱት እንዳይሰነጠቅ አስቀድማችሁ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ በጋለ ወስፌ ብሱት። ጉማጁ ከባድ ይሁን፤ መቀመጫው ከቀለለ ዋንጫው ይወድቃል። ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ሙጫ ሥሩ፣ የጋዜጣ ቁራጭ እየነከራችሁም ለጥፉበት። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሌላ ከደረባችሁ ይሻግታል። በጎጃም ደጋ ክረምት ቶሎ የሚደርቅ ነገር ስለሌለ ሥራውን በጥቅምት ጀምሩ።

ለማስዋብ ርካሽ ቢጫ ቀለም አትቀቡ፤ ከወርቅ ይልቅ ቅቤ ያስመስለዋል። የአልሙኒየም ፎይል ይሻላል፤ የ1954ቱም ዋንጫ ቢሆን ብርማ ነበር። የአሸናፊውን ክፍል ስምና ዓመተ ምሕረቱን መቀመጫው ላይ መጻፍ አትርሱ።