መርከቡ ማንንም አይጠብቅም፦ ከየአገሩ ተጠራርቶ ማያሚ ለሚገናኝ ቤተሰብ የዋዜማው ቀን ነገር

ድሮ በስደት ተበትኖ የሚኖር ቤተሰብ የሚሰባሰበው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነበር። አሁን ደግሞ የመርከብ ሽርሽር የሚባል ሦስተኛ ምክንያት መጥቷል። ከዋሽንግተን፣ ከሲያትል፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከቶሮንቶ፣ ከለንደን ተጠራርተው፣ እናትን ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ ከፍሎሪዳ ወደብ ወደ ባሐማስ ወይም ወደ ሜክሲኮ ለአራት ለአምስት ቀን ደርሰው የሚመለሱ ቤተሰቦችን እያየን ነው። ምክንያቱ አያስቸግርም። አዳራሽ መከራየት የለ፣ ድስት መጣድ የለ፣ ሳሕን ማጠብ የለ፤ መኝታውም ምግቡም በአንድ ሒሳብ ያልቃል። ለዓመታት በስልክ ብቻ ሲገናኙ የኖሩ ወንድማማቾች ልጆቻቸውን የሚያስተዋውቁበት ጊዜም ይገኛል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ስለ መርከቡ ጭፈራና ስለ መዋኛ ገንዳው አናወራም። ስለ እሱ የጉዞ ወኪሎች የሚበቃውን ያህል ነግረውናል። የምናወራው ስለ ዋዜማው ነው፤ ማለትም ዘመዱ ሁሉ ከየአቅጣጫው ተጠቃልሎ ወደብ ከተማው ስለሚገባበት ቀን። የዚህ ዓይነቱ ጉዞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ላይ ሳይሆን ገና ወደብ ሳይደረስ ነውና።

እንበልና መርከቡ ከማያሚ የሚነሣው እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። (በፈረንጆቹ አቆጣጠር 4 ፒኤም መሆኑ ነው፤ የሰዓቱ ነገር የራሱ መዘዝ ስላለው እንመለስበታለን።) የሲያትሉ ወንድም ትኬት ሲያፈላልግ ቅዳሜ ሌሊት ተነሥቶ እሑድ ረፋድ ላይ የሚያደርሰው ርካሽ በረራ ያገኛል። የሆቴል ወጪ ይቀርለታል፤ የቅዳሜ ሥራውም አይጎድልበትም። ወረቀት ላይ ሲታይ ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር ከሆነና የመጀመሪያው በረራ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ፣ ሁለተኛው ያመልጠዋል፤ ቀጣዩን ደግሞ ሞልቶ ያገኘዋል። ሲያትል ከማያሚ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ እሱ ገና ጠዋት ነው ሲል ማያሚ ላይ ቀኑ ተጋምሷል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። መርከቡ ከመነሣቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ኩባንያው የተሳፋሪዎቹን ስም ዝርዝር ለአሜሪካ የጠረፍ ባለሥልጣናት የማስተላለፍ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የመሳፈሪያው በር የሚዘጋው መርከቡ ሲነሣ ሳይሆን እንደ ኩባንያው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ አስቀድሞ ነው። በሩ ላይ የምትቆመው ሠራተኛ አንጀቷ ቢላወስም የምታደርገው ነገር የላትም። «ወንድሜ ከአውሮፕላን ማረፊያ እየመጣ ነው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚለው የአገር ቤት ልመና እዚያ አይሠራም።

በአየር ጉዞ ላይ እምነት መጣል ምን እንደሚያስከትል በቅርብ ዓመታት ደጋግመን አይተናል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ሳውዝዌስት አየር መንገድ በገና ሰሞን ከ16 ሺህ በላይ በረራዎችን ሰርዟል። ጁላይ 19 ቀን 2024 በአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ብልሽት ምክንያት በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች ቆመው ነበር፤ ዕለቱም ዓርብ፣ የቅዳሜና የእሑድ መርከብ ተሳፋሪዎች የሚጓጓዙበት ቀን ነበር። ወደ ፍሎሪዳ ስንመጣ ደግሞ ኤፕሪል 12 ቀን 2023 ፎርት ላውደርዴል ላይ በአንድ ቀን ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ኤፕሪል 14 ጠዋት ተዘግቶ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ሲመጣ አንድ ቀን ቀድሞ መግባትም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ቢሆንም አንድ ቀን በእጁ ያለው ሰው ወደ ማያሚ ወይም ወደ ኦርላንዶ በሚበር ሌላ አውሮፕላን ገብቶ በየብስ ሊደርስ ይችላል። በዕለቱ የሚመጣው ግን ይህ ዕድል የለውም።

«ካመለጠኝ በሚቀጥለው ወደብ እቀላቀላቸዋለሁ» የሚሉ አሉ። ለአሜሪካ ፓስፖርት ባለቤት አንዳንዴ ይቻላል። ለእኛ ሰው ግን መንገዱ ጠባብ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ብድግ ብሎ ወደ ሌላ አገር ለመብረር በመጀመሪያ የመግቢያ ጉዳዩ መታየት አለበት። የአሜሪካ ዜጎች ተነሥቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ መርከብ በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መሳፈር ቢፈቀድላቸውም፣ ፓስፖርት ሳይዙ ወደ ናሶ በአውሮፕላን ሊከተሉት አይችሉም። መርከቡ ኪ ዌስት የሚቆም ከሆነም እዚያ ጠብቆ መሳፈር እንደ ቀላል አይታይም፤ በ1886 የወጣ ሕግ የውጭ አገር ሰንደቅ የሚያውለበልቡ መርከቦች መንገደኛን ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው እንዳያጓጉዙ ይከለክላል። የሽርሽር መርከቦቹ ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር የተመዘገቡት ባሐማስን፣ ፓናማንና ማልታን በመሳሰሉ አገሮች ነው።

እንግዲህ ዋዜማው ላይ መግባት ግድ ነው ካልን፣ ማንም ጮክ ብሎ የማያነሣው ጉዳይ ይመጣል፤ ያ ተጨማሪ ቀን ከማን ኪስ ይወጣል? ቢሮ የሚሠራው ወንድም ቅዳሜና እሑድ ዕረፍቱ ነው። በሰዓት የምትከፈለው እህት፣ መኪና ማቆሚያ የሚሠራው የአክስት ልጅ፣ ታክሲ የሚነዳው አጎት ግን ቅዳሜን ሲተዉ የቀን ገቢያቸውን ነው የሚተዉት። በዚያ ላይ የሆቴል ወጪ አለ። ስለዚህ በዕለቱ የሚያደርሰውን በረራ የሚመርጠውን ዘመድ «ግድ የለሽ» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይልቅ ገና ከጅምሩ፣ የመርከቡ ትኬት ሳይቆረጥ፣ የዋዜማው አዳር በጋራ መዋጮ ውስጥ ይግባ። አራት ሰው ለብቻው አራት ክፍል ከሚይዝ አንድ ሰፊ ቤት ተከራይቶ መካፈል ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የማይቀር ሥራ ያለበት ሰው ደግሞ ቅዳሜ ማታ በሚገባ ቀጥታ በረራ ይምጣ፤ ቤቱ ክፍት ነው፣ አልጋውም ተነጥፏል። እሑድ ጠዋት ግን አይሁን።

በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ ለሚበዛ ቤተሰብ ሌላም ምርጫ አለ። ከባልቲሞር ወደብ የሚነሡ መርከቦች አሉ። በማርች 2024 የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ሲደረመስ ወደቡ ተዘግቶ መርከቦቹ ወደ ኖርፎክ ተዛውረው የነበረ ቢሆንም፣ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ተመልሰዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ባልቲሞር በመኪና ለመሄድ አውሮፕላን አያስፈልግም፤ እንግዶቹም ከዘመድ ቤት ያድራሉ። ባሕሩ ሞቆ እስኪያገኙት ድረስ ግን ከፍሎሪዳው ይረዝማል።

ወደ ማያሚ እንመለስ። እዚያ አካባቢ ሁለት ወደብና ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ ከማያሚ ወደብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የፎርት ላውደርዴል አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ለፖርት ኤቨርግሌድስ ወደብ ጎረቤት ሲሆን፣ ከማያሚ ወደብ ግን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትኬት ፎርት ላውደርዴል ረክሶ ሲገኝ ገሚሱ ወደዚያ፣ ገሚሱ ወደ ማያሚ ይበርራል፤ ሆቴሉን ደግሞ ሦስተኛው ሰው ሌላ ቦታ ይይዛል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ ብራይትላይን የሚባል ባቡር ከ2018 ጀምሮ አለ፤ ለወጣቶቹ ይበቃል። ሻንጣና ሕፃን ለያዘ ግን መጀመሪያ የመርከቡን ወደብ አጣርቶ፣ ማደሪያውን ለእሱ ቅርብ አድርጎ፣ በረራውን በመጨረሻ መግዛት ይሻላል። በኦርላንዶ በኩል የሚሄድ ደግሞ ፖርት ካናቬራል ከኦርላንዶ አውሮፕላን ማረፊያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚርቅ ይወቅ።

ከአዲስ አበባ የሚመጡት እናት ነገር ከሁሉ ይለያል። እሳቸውን በዋዜማው ቀጥታ ማያሚ ማስገባት ጭካኔ ነው። ዋሽንግተን ደለስ ላይ ኢሚግሬሽን አልፈው፣ ሻንጣቸውን ተቀብለው፣ እንደገና አስረክበው ወደ ሌላ አውሮፕላን መሄድ አለባቸው። ሳምንት ያህል ቀድመው መጥተው ልጃቸው ዘንድ ይረፉ፤ ወደ ፍሎሪዳም ከልጃቸው ጋር ይብረሩ። ተሽከርካሪ ወንበር በየአውሮፕላን ማረፊያው ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ስለሆነ «እኔ ምን ሆኜ!» ቢሉም ከ48 ሰዓት በፊት ይጠየቅላቸው። ቪዛቸውንም ገልጣችሁ እዩት። የመግቢያ ብዛት በሚለው ቦታ ኤም የሚል ፊደል ካለ ደጋግሞ ያስገባል፤ ለአንድ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያንንም ደለስ ላይ ተጠቅመውበታል። መርከቡ ባሐማስ ደርሶ ሲመለስ እናታችሁ እንደ አዲስ ገቢ ነው የሚታዩት። ይህን ትኬት ሳይቆረጥ የሕግ ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ዘመድ ጉዳይ ነው። የመርከብ ሽርሽር እንደ ቀልድ ይታይ እንጂ ናሶ መድረስ ከአሜሪካ መውጣት ነው። አድቫንስ ፓሮል የተባለውን የቅድሚያ ፈቃድ ሳይዝ የወጣ አመልካች ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ጥገኝነት የተሰጠው ሰውም የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን መያዝ አለበት። የዓመታት ጥበቃ በአራት ቀን ሽርሽር ሊቃጠል ይችላል ማለት ነው። የቤተሰቡ አስተባባሪ ይህን በአደባባይ ሳይሆን እያንዳንዱን ለብቻ ጠርቶ ይጠይቅ። ሰው በዘመድ ፊት «ወረቀት የለኝም» ማለት ያፍራልና፣ አፍሮ ዝም ሲል ይጎዳል።

የሕፃናቱም ስም መታሰብ አለበት። እኛ በአባት ስም ስለምንጠራ እናትና ልጅ በፓስፖርት ላይ አይገናኙም፤ የአያት ስም ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ለፈረንጁ ሠራተኛ እንቆቅልሽ ነው። እናት ልጇን ብቻዋን ይዛ የምትሳፈር ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀትና ከአባትየው በኖተሪ የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ ትያዝ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። አሜሪካ ያደገው ልጅ በቤተሰቡ ዋትስአፕ ላይ «መርከቡ በ4 ይሄዳል» ብሎ ሲጽፍ አያቱ ረፋድ 4 ሰዓት ብለው ያነቡታል። ይኼኛው እንኳ ቢያስቸኩላቸው እንጂ አይጎዳቸውም። የሚጎዳው የተገላቢጦሹ ነው። አጎት በእኛው አቆጣጠር «ከሆቴል በ4 ሰዓት እንውጣ» ሲሉ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ መስሏቸው ይተኛሉ። እያንዳንዱ መልእክት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ «ጠዋት 4 ሰዓት፣ በአሜሪካ 10» ተብሎ። የለንደኑና የሲያትሉ ዘመድ የበረራ ሰዓት ሲልክም በማያሚ ሰዓት ይላክ።

ዋዜማው ማታ ሥራ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ከመርከቡ ይልቅ የሚያስታውሱት እሱን ነው። ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብ ይዞ መሳፈር አይፈቀድም። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ በረዶ ሆኖ የመጣው ዶሮ ወጥ የሚበላው፣ ጀበናውም የሚጣደው ያን ማታ ነው፤ ዕጣኑን በረንዳ ላይ አድርጉት እንጂ የቤቱ የጭስ ማስጠንቀቂያ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ጾም ከሆነ ደግሞ የጾም ምግብ እንዲዘጋጅ ለመርከቡ ከሳምንታት በፊት መንገር እንጂ ገበታው ላይ መከራከር አያዋጣም።

ቡናው ሳይነሣ አንድ ሰው፣ እንደ እድር ጸሐፊ ያለ ቆጣሪ፣ የሁሉንም ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድና የመሳፈሪያ ወረቀት አንድ በአንድ በዓይኑ ይይ። «አለኝ» የሚለው ቃል አይበቃም። ከዚያ ሰነዱ ለየባለቤቱ ይመለስና በእጅ ቦርሳ ይግባ። ወደቡ ላይ ትልልቁን ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ተቀብለው ይወስዱታል፤ ክፍል ድረስ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ፓስፖርት ወይም የደም ግፊት መድኃኒት እዚያ ውስጥ ከገባ ጣጣ ነው።

ጠዋት አሥራ አራት ሰው በአንድ መኪና አይሄድም። ቫን ከሆነ ማታውኑ ይያዝ፤ ሁለት መኪና ከሆነም ማን በየትኛው እንደሚገባ ማታ ይወሰን። ኩባንያው ለየክፍሉ የመሳፈሪያ ሰዓት ስለሚመድብ ሁሉም ተቀራራቢ ሰዓት እንዲደርሰው አስቀድሞ መምረጥ ይቻላል። ሁለተኛው መኪና ቢዘገይ የመጀመሪያው ደጅ ላይ ቆሞ አይጠብቅ፤ ይግባ። እናትየው በመጀመሪያው ይሂዱ፣ ወንበራቸውን የሚገፋው የልጅ ልጅም አብሯቸው።